«በቅርቡ» መቼ ነው?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ተመረቀ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ 14 ዓመት ከ5 ወር መሆኑ ነው። በነዚህ ዓመታት ስለ ግድቡ ሲወራ በብዛት የተሰማው ቃል የቱ ነው ቢባል «ሜጋ ዋት» የሚል አይጠፋም፤ «ቢሊዮን» የሚልም ይኖራል። ዜናውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተከታተለ ሰው ግን ሌላ ቃል ያነሣል፦ «በቅርቡ»። በቅርቡ ውኃ መያዝ ይጀምራል። በቅርቡ ኃይል ያመነጫል። በቅርቡ ይጠናቀቃል። በቅርቡ ሪባን ይቆረጣል።

ግድቡ አልቋል። ቃሉ ግን ጡረታ አልወጣም። ቤቱ በኩራዝ የሚያመሽ ሰው «ለእኛስ መብራቱ መቼ ይደርሰናል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ቃሉን ራሱን አንዴ ገልበጥ አድርጎ ማየት አይከፋም። ከየት መጣ? ምን ማለት ነበር? አሁንስ ማን በማን ላይ ይጠቀምበታል?

«በቅርቡ» ሥሩ የቦታ ቃል ነው። ቀረበ፣ ቅርብ፣ አቀረበ፣ ቁርባን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቅርብ ማለት እጅ የሚደርስበት፣ ዓይን የሚያየው፣ ጎረቤት ያለ ነው። አማርኛ ይህን የቦታ ቃል ወስዶ በጊዜ ላይ አዋለው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ስለ ቦታ «ቅርብ ነው» የተባለ ሰው ሄዶ ያረጋግጣል። (አንድ ገበሬ «ይቺው ናት፣ ከጉብታው ጀርባ» ብሎት ሦስት ሰዓት የተጓዘ መንገደኛ የቦታው «ቅርብ»ም የራሱ ጉድ እንዳለው ያውቃል፤ ቢሆንም መጨረሻ ላይ መድረስ አለ።) ስለ ጊዜ «ቅርብ ነው» የተባለ ግን ሄዶ የሚያየው ነገር የለም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቃሉ ሌላም ጠባይ አለው። «በቅርቡ መጣ» ሲባል ያለፈ ነው፤ «በቅርቡ ይመጣል» ሲባል ገና የሚሆን ነው። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያያል፤ የሚለየው ግሡ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ቃል ይዟል፤ ላለፈው «ሪሰንትሊ»፣ ለሚመጣው «ሱን»። በአማርኛ ግን ቃሉን ከሰማን በኋላ ግሡ እስኪመጣ መታገሥ አለብን። አማርኛ ደግሞ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛውን «ሱን» ታሪክ ማንሳት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ይህ ቃል የሐበሻ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ዛሬ «ሱን» ማለት ከአጭር ጊዜ በኋላ፣ በቅርቡ ማለት ነው። የዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ ግን በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሶና» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም «ወዲያውኑ፣ አሁኑኑ» ነበር። በዚያ ዘመን ወንጌልን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱ ሰዎች ላቲኑ «ያን ጊዜውኑ» የሚለውን ሲያገኙ የሚጽፉት «ሶና» ነበር። ሰው «ሶና አደርገዋለሁ» ሲል እጁን እያነሣ ነበር ማለት ነው። በኋላ ቃሉ እየላላ ሄደ። አሁኑኑ የነበረው «ጥቂት ቆይቶ» ሆነ።

ያሳዘነው ይህ አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ግን «ሱን» ሲላላ ሌሎች ቃላት ክፍተቱን ሊሞሉ መጡ፤ እነሱም በተራ በተራ ወደቁ። «አኖን» የሚባለው ቃል መነሻው «በአንድ» የሚል ሆኖ ወዲያውኑ ማለት ነበር፤ እሱም «ቆየት ብሎ» ሆነና ከአገልግሎት ወጣ። «ፕረዘንትሊ» አሁን በዚህ ቅጽበት ማለት ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ «ኋላ ላይ» ሆነ። በጣም የሚገርመው ደግሞ «ባይ ኤንድ ባይ» የሚለው ነው። ዛሬ ይህን ሐረግ የሚሰማ እንግሊዛዊ «ቀስ ብሎ፣ ውሎ አድሮ» ብሎ ይተረጉመዋል። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ በወጭት ስትጠይቅ የተጠቀመችው ይህንኑ ሐረግ ነው። ልጅቷ ውሎ አድሮ ይሰጠኝ አላለችም። አሁኑኑ ነው ያለችው፤ ንጉሡም አሁኑኑ ነው የላከው። የዛሬ አንባቢ ያንን ቁጥር በዛሬ ጆሮ ቢሰማው ዮሐንስ ጥቂት ዓመት ሊኖር የሚችል ይመስለዋል።

ለምንድን ነው እነዚህ ቃላት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚንሸራተቱት? «ኋላ ላይ» የሚል ቃል ከጊዜ ብዛት «አሁኑኑ» ሲሆን እምብዛም አይታይም፤ መንገዱ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው «አሁኑኑ» ይላል፣ ከዚያ ይዘገያል። የሚሰማው ሰው መዘግየቱን ደጋግሞ ስለሚያይ ቃሉን ሲሰማ ጆሮው ራሱ መዘግየቱን ይጨምርበታል። ከትውልድ በኋላ መዘግየቱ የቃሉ ትርጉም ይሆናል። መዝገበ ቃላት ያንን ጽፎ ያስቀምጣል እንጂ እሱ አላመጣውም። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ «ጀስት ናው» የተባለ ሰው በቃል ደረጃ «ልክ አሁን» ቢባልም የሚረዳው «አንድ ቀን፣ ምናልባት» ብሎ ነው። የቃል ትርጉም የሚለወጠው በተናጋሪው ጠባይ ነው ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አማርኛስ? አማርኛ በዚህ ረገድ ከማንም አያንስም። «አሁን እመጣለሁ» ያለ ሰው አሁን እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ለዚህም ነው ቃሉ ተደራርቦ «አሁኑኑ» የሆነው። «ቶሎ» ሲደክም «ቶሎ ቶሎ» መጣ። «በቅርቡ» ሲደክም «በጣም በቅርቡ» ተባለ፤ እሱም ሲሰለች «በአጭር ጊዜ ውስጥ» የሚል የቢሮ ልብስ ለበሰ። የብር ዋጋ ሲወርድ ትልልቅ ኖት እንደሚታተም ማለት ነው። ከዚህም አልፎ አማርኛ የትኛውም እንግሊዝኛ ያልደፈረውን ያደርጋል፤ ገና ያልሆነውን በኃላፊ ግሥ ይናገራል። ሆቴል ውስጥ አስተናጋጁን ስትጠሩት «መጣሁ!» ይልና ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። በስልክ «ደረስኩ» የሚለው ሰው ጫማውን እየፈለገ ነው። በግለሰብ ደረጃ ይህ ያስቃል፤ ማንም ማንንም አያታልልም፤ ሁለቱም የምንዛሪውን ልክ ያውቁታል። ጉዳዩ የሚከብደው ይኸው ልማድ ቲተርና ማኅተም ይዞ ሲመጣ ነው።

ወደ ግድቡ እንመለስ። ግንባታው ሲጀመር የተነገረው ነገር «በቅርቡ» አልነበረም፤ ለፍትሕ ሲባል ይህ መነገር አለበት። ቁጥር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተርባይኖች በ44 ወራት ውስጥ ሥራ እንደሚጀምሩ፣ ግድቡም በአጠቃላይ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደሚጠናቀቅ ተነግሯል። ቁጥር ያለው ቃል ጥሩነቱ ሊለካ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ እንለካው። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከመሠረት ድንጋዩ ሲቆጠር ከ130 ወር በላይ፤ የተባለው ሦስት እጥፍ ገደማ። ምርቃቱ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሆነ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ «ግድቡ በ2017 ያልቃል» ያለው ሰው ልክ ነበር፤ የተሳሳተው በማን አቆጣጠር እንደሆነ ባለመናገሩ ብቻ ነው። ከሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለችው የሰባትና ስምንት ዓመት ክፍተት የሀገሪቱን ትልቁን ቀጠሮ ዋጠቻት።

የተሰጠው ቀን ማለፍ ሲጀምር የሆነው ነገር ከራሱ ከመዘግየቱ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ቀኖች ከንግግሩ ውስጥ ቀስ በቀስ ወጡ፤ በቦታቸው ሁለት ነገሮች ገቡ። አንደኛው «በቅርቡ» ነው። ሁለተኛው መቶኛ ነው። «ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» የሚለው ዜና ለዓመታት የሕዝቡ ሰዓት ሆነ። መቶኛ ቁጥር ስለሆነ የሚለካ ይመስላል፤ ስለ ጊዜ ግን ምንም አይናገርም። ሰባ በመቶ የደረሰ ሥራ ቀሪውን ሠላሳ በአንድ ዓመት ሊጨርስ ይችላል፣ በስምንት ዓመትም ሊጨርስ ይችላል። የምን መቶኛ እንደሆነም አይነገርም፤ የሲሚንቶው? የብረታ ብረቱ? የገንዘቡ? ኮንክሪቱ ወደፊት ሲሄድ ተርባይኖቹ ወደ ኋላ መቅረታቸውን ሕዝቡ በግልጽ የሰማው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ከሜቴክ እጅ እንዲወጣ ሲወሰን። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ ላይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። «ግድቡ መቼ ያልቃል?» የሚለውን የሀገር ጥያቄ ለ7 ዓመት በጫንቃቸው የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ቀን ያለመናገር ዋጋ የሚከፈለው በመግለጫው አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም።

ለ«በቅርቡ» የሚከራከር ሰው በቂ ነጥብ አለው፤ ሊሰማም ይገባል። ግድብ የሚሠራው በወንዝ ላይ ነው። ዓለት ይቆፈራል፣ ከሥሩ ያልታሰበ ነገር ይወጣል። ዓባይ በክረምት የሚያመጣው ጎርፍ የማንንም ፕሮግራም አያከብርም። ዋናውን ግድብ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኮርቻ ግድብም መሥራት ነበረበት። የውጭ አበዳሪዎች እጃቸውን ሰብስበው ገንዘቡ ከመምህር ደመወዝ፣ ከነጋዴ ቦንድና ከ8100 የስልክ መልእክት ተለቅሞ ነው። ደግሞም ዲፕሎማሲ ነበር፤ ከግብፅና ከሱዳን ጋር እየተነጋገሩ እያንዳንዱን እርምጃ በቀን መናገር ካርታን ገልጦ መጫወት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ እነዚህ ሁሉ ቀን ለመዘግየቱ ምክንያቶች ናቸው እንጂ ቀን ላለመስጠት ምክንያት አይሆኑም። ጎርፍ መጣና ስድስት ወር ዘገየን የሚል መግለጫ ማንንም አያዋርድም።

ስለ ዲፕሎማሲው ከተነሣ አንድ የቋንቋ ነገር ሳይነገር ማለፍ የለበትም። በዐረብኛም «በቅርቡ» የሚባለው «ቀሪበን» ነው፤ ሥሩም ቀ፣ ረ፣ በ ነው። የአማርኛው «በቅርቡ» እና የካይሮና የካርቱም ጋዜጦች «ቀሪበን» የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አሶሳ ገበያ ውስጥ አማርኛም ዐረብኛም የሚሰማ ጆሮ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ሦስቱ ሀገራት ግን ለዓመታት የተደራደሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በተባረረው «ሶና» ልጅ። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ ለሥራው 15 ወር ሰጥቶ ነበር። 15 ወር ቁጥር ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚቆጠረው ሁለቱ ጥናቶች ከሚጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ነበር፤ የጥናቱ አጀማመር ራሱ የክርክር ርእስ ሆነና ቆጠራው በወጉ አልሄደም። መነሻው ቀን የሌለው ቀጠሮ፣ ቁጥር ቢኖረውም «በቅርቡ» ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አካል ብቻ ቀጠሮውን ሳያዛንፍ ጠበቀ፤ ክረምት። ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሌት ተከናወነ፤ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ተያዘ። ከዚያ በየክረምቱ ቀጠለ፤ አራተኛው ሙሌት መጠናቀቁ የተነገረው ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በሙሌቱ ጊዜ የሚነገረው ቋንቋም ሌላ ነበር። መሐንዲሶቹ ውኃው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደደረሰ ይናገራሉ፤ መጀመሪያ 560፣ ሲሞላ 640። ግድግዳው በዚህ ዓመት ምን ያህል ካላደገ በሚቀጥለው ዓመት የሚያዘው ውኃ ይህን ያህል ብቻ ነው። ቃል ለመጫወት ቦታ የለም። ከመጋቢት 2003 ጀምሮ በተነገሩት የግድቡ ዜናዎች ውስጥ ጎረቤትም ባላጋራም ያመነው ቋንቋ ይኸኛው ነው፤ ግብፅ የምትቃወመውን ክረምት በክረምት በቀኑ ታውቀው ነበር። ጠላት በቀን የሚያውቀውን ጉዳይ ባለቤቱ በ«በቅርቡ» ሲያውቀው ትንሽ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ግድቡ 13 ተርባይኖች አሉት፤ አጠቃላይ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በሌላ በኩል ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም። እነዚህ ሁለት እውነቶች አንድ ላይ ሲቀመጡ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚያገኘው መልስም አንድ ነው። በቅርቡ።

መልሱ ለምን እንደማያረካ ለመረዳት ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚጓዝ ጥቂት ማወቅ ይበቃል። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይሄዳል። ይህ መስመር በላዩ ላይ የሚያልፍበት መንደር ከሱ አንድ አምፖል ማብራት አይችልም። ኃይሉ መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ በትራንስፎርመር መውረድ አለበት፤ ከዚያ በመካከለኛ መስመር ወደ ከተማና ወደ ገጠር መጓዝ፣ እንደገና ወርዶ 380 እና 220 ቮልት መሆን፣ ምሰሶ መተከል፣ ቆጣሪ መግባት አለበት። ከተርባይን እስከ አምፖል ያለው መንገድ ብዙ እጅ ይነካዋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እጆቹ የሁለት ተቋማት ናቸው። ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለቤቱ ማድረሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። አንደኛው «በቅርቡ» ሲል የራሱን ጣቢያ ያስባል፤ ሁለተኛው «በቅርቡ» ሲል የጣቢያውን ማለቅ ይጠብቃል፤ የወረዳው አስተዳደር ደግሞ ከሁለቱም የሰማውን ደምሮ ለሕዝቡ «በቅርቡ» ይላል። እያንዳንዳቸው ሐሰት አልተናገሩም። ድምሩ ግን ባለቤት የለውም።

የጉባ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለሌላው ሀገር ተረት ነው፤ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን አድራሻ ያለው ነገር ነው። ዛሬ ንጋት የሚባለው ሐይቅ የተኛበት መሬት ሰው የሚኖርበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት፣ ማሽላ የሚዘራበት ነበር፤ የጉሙዝ ቤተሰቦች ከዚያ ተነሥተዋል። በግንባታው ዓመታት መካከል መተከል በግጭት ታመሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ይህ ሁሉ ያለፈበት ሕዝብ ዛሬ ማታ የግድቡን መብራት ከሩቅ እያየ በራሱ ቤት ኩራዝ ቢለኩስ «በቅርቡ» የሚለውን ቃል እንደ አዲስ አበባ ሰው አይሰማውም። ለአዲስ አበባ ሰው ቃሉ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፤ በ1997 ተመዝግቦ የቆየ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይስቅበታል። ለጉባው ሰው ግን የሰጠው መሬት ምላሽ ነው።

በመንግሥት በኩል ቀን አልነበረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ በ2019 ከተሻሻለ በኋላም ጭምር፣ ሀገሪቱን በሙሉ በ2025 መብራት ለማድረስ ነበር ያቀደው፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን በፀሐይ ኃይልና በመሰል መንገድ። 2025 ግድቡ የተመረቀበት ዓመት ነው። ርችቱ የተተኮሰው የሌላ ቀጠሮ ቀን ሳይሞላ ባለቀበት ዓመት ነው ማለት ነው። አንዱ ቀን በርችት ታጅቦ፣ ሌላው ድምፁን አጥፍቶ። በአደባባይ ሊጠየቅ የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ ከዕቅዱ ምን ያህሉ ተሠራ፣ ያልተሠራው ለምን ቀረ፣ አዲሱ ቀን መቼ ነው።

ቀን መስጠት አይቻልም የሚል ካለ የኬንያን ውል ይመልከት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለኬንያ ለ25 ዓመት ኃይል ለመሸጥ ተዋውሏል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400። ሽያጩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተጀመረ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባው መስመርም 500 ኪሎ ቮልት ነው። ያም ሥራ ዓለት አለው፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ድንበር ይሻገራል። ግን ገዢው ውል ስላለው ቀን ተጻፈለት፣ መጠን ተጻፈለት፣ ዋጋ ተጻፈለት። ኬንያዊ ሹም በእጁ ያለው ወረቀት ላይ «በቅርቡ» የሚል ቃል ቢያገኝ አይፈርምም ነበር። ኤሌክትሪክ ለጎረቤት መሸጥ ተገቢ ነው፤ ሀገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፣ ጎረቤትን በሽቦ ማሰር ከብዙ ስምምነት ይበልጣል። ቅሬታው መሸጡ ላይ አይደለም። የቦንዱ ባለቤት ከገዢው ያነሰ ወረቀት መያዙ ላይ ነው። ለነገሩ ቦንዱም ላይ የመክፈያ ቀን ታትሟል፤ ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስለት ያውቃል። መብራቱ መቼ እንደሚመጣለት ነው የማያውቀው።

ደግሞ ቀን መቁጠር ለዚህ ሕዝብ ባዕድ ነገር ነው የሚል ካለ ገጠር ወርዶ ይይ። እህል የተበደረ ገበሬ «በቅርቡ እመልሳለሁ» አይልም፤ ቢል አያገኝም። «ለኅዳር ሚካኤል» ይላል፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ አዝመራው እንደሚሰበሰብ አበዳሪውም ተበዳሪውም ያውቃሉ። ሠርግ «ከጥምቀት በኋላ» ነው። አሶሳ ላይ ደግሞ «ከረመዳን በኋላ» ወይም «ለአረፋ» ይባላል፤ «ኢንሻአላህ» ይጨመርበታል፣ ቀኑ ግን ቀን ነው። ፈጣሪን ጠርቶ ቀን መናገርና ፈጣሪንም ቀንንም ሳይጠሩ «በቅርቡ» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሰው አቅም ውሱን መሆኑን ያምናል፣ ሁለተኛው አቅሙን ማንም እንዳይለካው ይጋርዳል። ዕቁብ በቅርቡ አይወጣም፤ እሑድ ይወጣል። እሑድ ካልወጣ ዳኛው ተጠርቶ ይጠየቃል፣ ዋስ ይፈለጋል። የዕድር ጡሩምባ ነፊ እንኳ «ቀብር በቅርቡ» ብሎ አያውቅም። ማኅበረሰቡ እርስ በርሱ ሲተማመን የሚጠቀምበት ቋንቋ ይህ ነው። ከቢሮ ጋር ሲነጋገር ብቻ ነው ቋንቋው የሚለወጠው።

የሚያስፈልገው እንግዲህ ትልቅ ነገር አይደለም። በየወረዳው አንድ ሰሌዳ ነው። ኃይሉ የሚመጣበት ማከፋፈያ ጣቢያ ስም፤ ጣቢያው አሁን የቀረው ሥራ፤ መስመሩ የሚደርስባቸው ቀበሌዎች በተራ፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ወርና ዓመተ ምሕረት፤ በዋናው መስመር የማይደርሳቸው ቀበሌዎች ካሉ ያ በግልጽ ተጽፎ የፀሐይ ኃይሉ የሚተከልበት ወር። ሥራው ያለበት ክፍል ከሁለቱ ተቋማት የትኛው እንደሆነ፣ ቀኑ ካለፈ የሚጠየቀው ኃላፊ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ። ቀኑ ሲያልፍ የድሮው ቀን በመስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ይጻፍ፤ የድሮው ግን አይጥፋ፤ ከሥሩ ለምን እንደተዛወረ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር። ትራንስፎርመር ከውጭ ዘገየ ከሆነ ዘገየ፤ በጀት አልተለቀቀም ከሆነ አልተለቀቀም፤ የጸጥታ ችግር ነበር ከሆነ ነበር። ሰው ሦስት ጊዜ የተሰረዘ ቀንና ምክንያቱን ቢያይ ይናደድ ይሆናል፤ ልጁን ኩራዝ ይዞ የሚያስጠናው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ወፍጮው በናፍጣ የሚሄደው ስንት ወር እንደሆነ፣ ፀጉር ቤት ለመክፈት ብድር ይውሰድ ወይስ ይቆይ ግን መወሰን ይችላል። «በቅርቡ» የሚለው ቃል የሚከለክለው ይህን ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳ የሚሰቀልበት ቦታ ደግሞ ብዙ አያከራክርም፤ ጉባ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ።